ሙጫ

አራት ኪሎ ግቢ፣ ከጽዱ በስተጓሮ፣
የመስታወት ቤት አለ፣ ግማሹ ተሰባብሮ፣
ስባሪው ላይ ላስቲክ በሽቦ ታስሮ።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ ውዬ፣
የመድኃኒት መርጫ እንደ ልጅ አዝዬ፣
ቲማቲም ሲወረር፣ ሽንብራ ሲጠቃ፣
«ሽብሩ የት ሄደ?» ነው፤ እኔም ብድግ፣ በቃ።
አንድ ባልዲ ውኃ፣ አንድ ክዳን መርዙ፣
ፍስስ… ትሎቹ ቅጠሉ ላይ እስኪፈዙ።
ጭንብል ይመጣል አሉ፣ በጀቱ አልፈቀደም፤
የባለቤቴ ሻሽ መርዝን አላገደም።
ሌሊት የሚነሳ ሳል ነው የተረፈኝ፤
ሎሚ ሲቆረጥ ሽታው ለሁሉ ደርሶ እኔን የሚያልፈኝ።

አምና በሰኔ ነው ትርንጎ የመጣችው፤
(ስሟ የፍሬ ስም፣ ትምህርቷ ግን ድንች ነው።)
በፖስታ ውስጥ ዘር፣ የሰናፍጭ ቅንጣት የሚያህል፤
«ከድንች እናት አገር፣ ከባሕር ማዶ ገደል፣
ማንም ያልዘራው፣ ማንም ያላረመው፣
የድንቻችን ዘመድ፣ ጫካ የቀረው ነው።»

በቀለ። አየሁት። ሳቄ ነው የመጣው፤
ቅጠሉ ጸጉራም፣ ሥሩ ላይ ያፈራው ባቄላ የሚያህለው።
ከጎኑ የኛው ድንች፣ ከፒያሳ የተገዛ፣
ቅጠሉ ለስላሳ፣ ሰፊ፣ የወዛ።
«እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሁለቱ አንዱንም፣
ጋሽ ሽብሩ አደራ፣ መርዝ አይነካቸውም።»
ተቀየምኩ፣ እውነቴን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት
የለፋሁበትን ጸጉራም ሊያስተምረኝ በአንድ ክረምት?

ክሽክሹ መጣ፣ ከዝናቡ በኋላ፤
በኛው ድንች ሰፈረ፤ እንደ ተስካር በላ።
በአሥረኛው ቀን ቅጠሉ ተጠቅልሎ ጠወለገ፤
ትከሻዬን በላኝ፤ መርጫው ተፈለገ።
ወደ ዱርዬው ዞርኩ (እንዲያ ነው የምጠራው)፣
አጉሊ መነጽሯን ተውሼ ሳጣራው፣
በየጸጉሩ ጫፍ ላይ አንዳንድ ጠብታ አለች፣
ከመርፌ ዐይን ያነሰች፣ ፀሐይ የያዘች።
ክሽክሹ ይወጣል፤ አንድ እግር ያነሳል፤
ሁለተኛው አይመጣም፤ ሦስተኛው ይላወሳል፤
ጫማውን ጭቃ እንደበላው የክረምት መንገደኛ
ቆሞ ቀረ እዚያው፣ ሳይጠጣ፣ ሳይተኛ።

ሙጫ! በኛ ሰፈር ሙጫ የሚባለው
ሳንቲም ከእጁ የማይወጣ ቋጣሪ ሰው ነው።
ይሄም ቋጠሮውን ለማንም አልፈታም፤
ለክሽክሽ ፊት ነስቷል፤ ለሰውም አልረታም።
ያችን ባቄላ የምታህል ድንች ቀቅዬ ቀመስኩ፣ ትርንጎ ሳታየኝ፤
መረረኝ። እንደ ኮሶ፣ እስከ ጆሮዬ መረረኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። የኛውን ስናጣፍጥ፣ ስናሳምረው፣
ጸጉሩን ላጭተን፣ ምሬቱን ገፍፈን፣ ራቁቱን አስቀረነው።
ለዚያ ራቁትነት ነው ደመወዝ የተቆረጠልኝ፤
ለዚያ ነው ሳንባ የከፈልኩት፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ትርንጎ በብሩሽ አበባ ለአበባ ዳረች፤
ሁለት መቶ ልጆች በላስቲክ ከረጢት አሳደገች።
አንዱ ጸጉራም ሆኖ መራራ፣ ሌላው ጣፋጭ ሆኖ መላጣ፤
አንዳንዱ ጭራሽ ከአፈርም አልወጣ።
ዐይኔ ደክሟልና ጣቴን ነው የማምነው፤
ጠዋት ጠዋት በረድፍ ቅጠሉን ስነካው፣
ትናንት አንዱ፣ መቶ አርባ ሰባተኛው፣ ያዝ አደረገኝ።
ያዝ። እንደ አራስ ልጅ መዳፍ። ለቀቅ አላለኝ።
ይምረር ይጣፍጥ አልታወቀም፤ ገና ድንቹ አልተቆፈረም፤
ለትርንጎም ቢሆን ወዲያው አልነገርኳትም።

ከግቢው ወጣሁ። ታክሲ መያዣው ጋ ሻይ አዘዝኩ።
ጣቴ ጠቁሯል፤ በሳሙና ፈትጌ ፈትጌ ተውኩ።
ጠጣሁና ብርጭቆውን ላስቀምጥ ስል
ከእጄ አልለይ አለ፤ አብሮኝ ይነሳል።
«ጋሼ፣ ብርጭቆውን ወደዱት እንዴ?» ብላ ልጅቷ ሳቀች።
«ሙጫ ነኝ» አልኳት። አልገባትም፤ ዝም አለች።
ሳሌ መጣ። ፊቴን አዙሬ ሳልኩ።
ከዚያ ሂሳቤን ከፈልኩ።